የክንዱ ዕድሜ

ታኅሣሥ 6 ቀን 1968 ዓ.ም.
ይፋግ አጠገብ፣ ከሐይቁ ዳር

ለልጄ ለየብርጓል፤

የላክሽው ሳሙናና የእናትሽ ነጠላ በደህና ደርሶናል። ነጠላውን ለጥምቀት ብላ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። ሳሙናውን ግን ልጆቹ በሳምንት ጨረሱት፤ እስከ ዛሬ ይህን ያህል ቆሻሻ መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር። ሁላችንም አለን። አስናቀ አጨዳውን እየመራልኝ ነው። ክንዱ በቁመት ታላቁን ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሱሪ የሚያወርሰው ሰው ጠፋ።

የመሬቱን ነገር ጠይቀሽኛል። አስናቀ ባሕር ዳር በመጣ ጊዜ አፉን መያዝ እንዳቃተው ከጥያቄሽ ገባኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬ ማኅበሩ መሬቱን ያከፋፈለው በነፍስ ቁጥር ነው። ሊቀ መንበሩ አዘዘ ከጸሐፊው ጋራ ደጃችን ድረስ መጥቶ «ቄስ ገብረ መስቀል፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አለኝ። አዘዘን ታውቂዋለሽ፤ ከአጥራችን ማዶ ያደገ፣ ልጆቼን አንድ በአንድ በስማቸው የሚጠራ ሰው ነው።

«እግዚአብሔር የሰጠኝን ያህል» አልሁት።

«ቁጥር ነው የምፈልግ» አለኝ።

በዕድሜዬ ልጆቼን ቆጥሬ አላውቅም። እናትሽ ጫጩት እንኳ አታስቆጥርም። ሁሉም ግቢው ውስጥ ቆመው ያዩኛል፤ ትንሿ ፅጌ ማርያም በእናትሽ ጀርባ ላይ ናት። «አምስት ይሆናሉ» አልሁ። አዘዘ ሁሉንም እያየ አምስት ብሎ አስጻፈ። ቄስ የተናገሩትን ነው የማስጽፍ ብሎ ሄደ።

ስለዚህ የተሰጠን ለሰባት ነፍስ ነው። በአገልግሎቴ የማርሰው የቤተ ክርስቲያኑ መሬት እንደ ሌላው ሁሉ ተደልድሏል። ውሃው ሲሸሽ ሽምብራ የምንዘራበት ጥቁሩ መሬት፣ ባህር ሸሹ፣ ለሌላ ሰው ደርሷል።

ተቈጥተሽ እንደምትጽፊልኝ አውቃለሁ። ቀስ ብለሽ ተቈጪ፤ ደብዳቤሽን ለእናትሽ የማነበው እኔ ነኝ።

አባትሽ
ቄስ ገብረ መስቀል


ጥር 4 ቀን 1968 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለአባቴ፤

መስቀልዎን ከዚህ ሆኜ ተሳልሜያለሁ። ይህን ገጽ ለእማዬ አያንብቡላት፤ ሁለተኛው ገጽ የእሷ ነው።

ዘጠኝ ናቸው አባቴ። እኔ ብቆጥራቸው ምንም አይሆኑም፤ ታላቃቸው ነኝ፣ ሁሉንም አዝያቸዋለሁ። ዘጠኝ። እኔን ሳይጨምር ማለቴ ነው፤ እኔስ የመንግሥት ደመወዝ አለኝ። በአምስት ልጅ መሬት ዘጠኝ ልጅ አይበላም። አስናቀ እዚህ በመጣ ጊዜ ራት አቀረብሁለት። ሲጎርስ ሲጎርስ ቆይቶ የቀረውን አጥፎ ኪሱ ሲከት አየሁት። ለማን ነው ብለው «ለመንገድ» አለኝ፤ ፊቱ ግን ቀላ። ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ እህቱ ቤት ምግብ ሲሰርቅ ማየት እንዴት እንደሚያም አልነግርዎትም።

ስለ መሥሪያ ቤቴ የጠየቁኝ፣ አዎን፣ አሁንም ታይፕ ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አቤቱታ ስመታ ነው የምውለው። ሰው ሁሉ በጠፉ ላሞችና በተሳሳቱ ወሰኖች ሲከራከር፣ የእኔ አባት ልጆቹን ደብቆ ዝም ይበል? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ድፍረት ነው።

የሁሉንም ስምና ዕድሜ በወረቀት ጽፈው ይላኩልኝ። አሳምሬ መትቼ ለሚመለከተው ቢሮ አስገባለሁ። ቢሮው ለማኅበሩ እንደገና ይታይ ብሎ ከጻፈ አዘዘ እምቢ ሊል አይችልም። የሚያዝያ ድልድል ሳያልፍ ይሁን።

ልጅዎ
የብርጓል


ጥር 29 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል፤

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብሁላት፤ አታንብብላት ያልሽኝን ገጽ ጭምር። በዚህ ቤት ከእሷ የሚደበቅ ወረቀት የለም።

እምቢ ብላለች። ለምን እንደ ሆነ የምታውቂ ይመስልሽ ይሆናል፤ ግን ያን ዓመት አንቺ ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት ነበርሽና ሙሉውን አልነገርንሽም። አንድ ሰው መጥቶ የየቤቱን ሰው ቆጥሮ ቁጥሩን በየበሩ ላይ በኖራ ጻፈ። እናትሽ «ወንድሜ፣ አጥፋልኝ» ብላ ለመነችው። ሥራው ነውና ሳቀና ወደ ጎረቤት አለፈ። በዚያው ክረምት ንዳድ ገባና ከልጆቹ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሄዱብን። ቁጥሩ በሩ ላይ እንዳለ ነበር። እናትሽ ከቀብር ስትመለስ ሐዘንተኛ ተቀምጦ ሳለ እበት ዘግና ለቀለቀችበት። ስማቸውን ከዚያ ወዲህ ጠርታው አታውቅም፤ እኔም አልጽፈውም።

እኔ ካህን ነኝ፤ ንዳዱን ያመጣው ኖራው ነው ብዬ አላስተምርም። ነገር ግን ሕዝቡን ያስቆጠረው ንጉሥ ምን እንደ ደረሰበት አንቺም በልጅነትሽ ከእኔው ሰምተሻል። ሰው ያለውን በጁ ይዞ እንጂ አስቆጥሮ አይጠብቅም።

አስናቀ የሠራውን ነገርሽን፤ አልገሠጽሁትም። ያመጣውን ለታናናሾቹ ሲያካፍል ቆሜ አየሁ፤ ለእናቱና ለእኔ እንዳይደርሰን ቶሎ ቶሎ ነበር የሚቆርሰው። ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። ዘንድሮ ረኃባችንን ጾም ብለን እንጠራዋለን፤ ማንም አያውቅብንም።

ስምና ዕድሜ አልልክልሽም። እናትሽ ስማሻለች፤ እንዳልተቀየመችሽ ጻፍላት ብላኛለች።

አባትሽ


መጋቢት 9 ቀን 1968 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለአባቴ፤

ስለ ትዳር የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ፤ እሱ የሚቸኩል ነገር አይደለም። ዛሬ የምጽፍልዎት ያደረግሁትን ለመናገር ነው።

አቤቱታውን አስገብቻለሁ። ስማቸውን ከማንም ሳልጠይቅ ከልቤ ጻፍሁ፤ ከአስናቀ እስከ ፅጌ ማርያም። የእማዬን ነገር ካነበብሁ በኋላ ሦስት ቀን አስቀምጬው ነበር። በአራተኛው ቀን ግን አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጣች፤ ልጁ የእኛን አገርነሽ ያክላል፣ እግሩ እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል። እናትየዋ የምትለውን እየመታሁ የማየው የእኛን ቤት ነበር። ሴትየዋ ስትወጣ የእኛን ወረቀት ታይፑ ላይ አስገባሁ።

አንድ ነገር ግን በትክክል አልጻፍሁም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ በራሱ ስም ድርሻ ይሰጠዋል። እኛ ዘንድ ከአስናቀ በቀር ይህን የሚያሟላ የለም። ክንዱን አሥራ ስምንት አልሁት። አሥራ ስድስት እንደ ሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ እሱ ሲወለድ ከወንዝ ውሃ የቀዳሁ እኔ ነኝ። ቁመቱን ያየ ግን አይጠራጠርም። በዚህ ማንም አይጎዳም ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ምን አላት አባቴ?

ከተቈጡ በእኔ ይቈጡ። ልጆቹ ከጠገቡ በኋላ የፈለጉትን ቢሉኝ እችለዋለሁ።

ልጅዎ
የብርጓል


ግንቦት 2 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል፤

መሬቱ ተሰጠ። ለጎደሉት ሁሉ ታክሏል። ክንዱም በራሱ ስም ከሐይቁ ዳር ባህር ሸሽ ደርሶታል፤ ቀድሞ የምናርሰው፣ ትልቁ የሾላ ዛፍ ያለበት ነው።

ጉባኤው እንዴት ነበር ብለሽ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ጉባኤ ጉባኤ ነው፤ ሰው ይናገራል፣ ጸሐፊ ይጽፋል። ልጆቹ ዋርካው ሥር በተራ ቆሙ፣ አዘዘ ስማቸውን ከአንቺ ወረቀት ላይ ጠራ፣ እነሱም አቤት አሉ። ትንሿ አቤት ማለት አቅቷት አለቀሰች፤ ሰው ሳቀ። እናትሽ ከቤት አልወጣችም።

ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። ዝናብ ሳይጥል እርሻ መድገም አለብን።

አባትሽ


ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል፤

ለአስናቀ ሠርግ ባለመምጣትሽ ሙሽራው አኩርፏል፤ ሙሽራዪቱ ግን የላክሽላትን ሻሽ አድርጋ እየዞረች ነውና በእሷ በኩል ታርቀሻል።

የሽምብራውን ነገር ጠይቀሽ ነበር። ይህንስ ደስ ብሎኝ እጽፍልሻለሁ። ዘንድሮ ውሃው ቶሎ ሸሸ። ክንዱ ከመስከረም ጀምሮ በየጧቱ ወርዶ ከየት ደረሰ እያለ እንጨት ሲተክል ከረመ፤ ሲመለስ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው። ውሃው አንድ እርምጃ ሲለቅ እሱ አንድ እርምጃ ይከተለዋል። ዘሩን ራሱ በተነ። ጉማሬ እንዳይበላበት ማማ ሠርቶ ቆርቆሮ እየመታ ጠበቀ። ድምፁ ገና አልጸናለትም፤ ጉማሬውን ሲያባርር አንድ ጊዜ እንደ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንደ ሕፃን ይጮኻል። «በእኔ መሬት ላይ» ሲል አስናቀ ሰምቶት «መጀመሪያ ጢም አብቅል» አለው። ክንዱ ሦስት ቀን አላነጋገረውም።

እሸቱ ሲደርስ ልጆቹን ሁሉ ይዤ ወረድሁ። ከቦታው ተቀምጠው በሉ። እንዲህ ሲበሉ ካየሁ ዓመት አልፎኛል። አገርነሽ ሆዷን ይዛ ተንጋለለችና «አባቴ፣ ሞላሁ» አለችኝ። ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው።

በጥምቀት ለምን ታቦት አልያዙም ላልሽው፣ ማን ነገረሽ? ጉልበቴን አሞኛል። በታመመ ጉልበት ታቦት አይያዝም። መድኃኒት አትላኪ፤ በመድኃኒት የሚድን ዓይነት አይደለም።

አባትሽ


ሐምሌ 8 ቀን 1969 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለአባቴ፤

ከግንቦት ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ለሦስቱም መልሰውልኛል። ስለ ጤፉ ጽፈዋል፣ ስለ ርብ ወንዝ ሙላት ጽፈዋል፣ ላሚቱ መንታ መውለዷን እንኳ ጽፈዋል። ክንዱ እንዴት ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ በአንዱም መልስ የለም።

ትናንት ገበያ ውስጥ እናትዓለምን አገኘኋት፤ ከይፋግ በርበሬ እያመጣች የምትነግደዋን። ሰላም ከተባባልን በኋላ «ወንድምሽስ ከሄደበት ጻፈ?» አለችኝ። የቱ ወንድሜ ብላት ደነገጠች። ምንም ሳትነግረኝ ዕቃዋን ትሰበስብ ጀመር። እጇን ይዤ አስቀረኋት፤ በግድ ነው የተናገረችው።

አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። በግንቦት መጨረሻ የዘመቻ ጥሪውን የተቀበሉ ገበሬዎች በካሚዮን እየተጫኑ በከተማችን አልፈው ወደ ማሠልጠኛ ሄደዋል። እኛን የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ተሰልፋችሁ ሸኙ ብለውን መንገድ ዳር ቆመን ነበር። ባንዲራ ሰጥተውናል። ብዙ ካሚዮን ነበር፤ ፊት አይለይም፣ አቧራው ሁሉንም አንድ አድርጓቸዋል። እኔም ከሰው ጋራ አጨበጨብሁ። እጄ እስኪቀላ አጨበጨብሁ።

ክንዱ ከእነሱ ጋራ ነበር ወይ?

አሥራ ስምንት ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያንን ወረቀት ባልጽፈው ኖሮ ዛሬ ከሐይቁ ዳር ጭቃ ይረግጥ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለእማዬም ይህንኑ ይንገሯት። እውነቱን ካልጻፉልኝ ሌላ ደብዳቤ አይጻፉልኝ።

የብርጓል


ነሐሴ 3 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል፤

አዎን፣ ነበረ።

ከማሠልጠኛው ባለፈው ወር አንድ ወረቀት ልኳል። «እትየን ባሕር ዳር መንገድ ዳር ቆማ አየኋት፣ ነጭ ሹራብ ለብሳለች፣ ጠራኋት፣ ጩኸቱ በዝቶ አልሰማችኝም» ይላል። ይህን ልደብቅሽ አስቤ ነበር። አሁን ግን መደበቅ ሰልችቶኛል፤ የቀረውንም እነግርሻለሁ።

ጉባኤው እንዴት ነበር ብለሽ አምና ጠይቀሽኝ ነበር። አዘዘ ወረቀትሽን እያነበበ ሄዶ ክንዱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ክንዱን ያጠመቅሁ እኔ፣ የክርስትናውን ድግስ የበላ እሱ፤ ዕድሜውን ሁለታችንም እናውቃለን። «ቄስ፣ ይህ ልጅ አሥራ ስምንት ሞልቶታል? እርስዎ ካሉ ይጻፋል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ልጆቹ በተራ ቆመዋል፤ ከጾሙ በኋላ አንገታቸው ቀጥኖ ራሳቸው ብቻ ትልቅ ሆኖ ይታየኛል። መስቀሌን ይዤ «ሞልቶታል» አልሁ።

ከዚያች ዕለት ወዲህ መቅደስ አልገባሁም። ጉልበቴ ደህና ነው።

ዘንድሮ በግንቦት ያው ዝርዝር ወጣ። ለአካለ መጠን የደረሱ ሁለት ወንዶች ያሉበት ቤት አንዱን ይስጥ ተባለ። አስናቀ ተነሥቶ «እኔ እሄዳለሁ» አለ፤ ሚስትህ እርጉዝ ናት ብለው መለሱት። ክንዱ ተጠራ። ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። አፌን ልከፍት ስል ልጁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ ዝም ይበሉ። መሬቱን ይወስዱብናል» አለኝ። ዝም አልሁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዝም በል አለኝና እኔ የስንቱ ንስሐ አባት ዝም አልሁ።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ የጻፍሽውን ሰርዘሽ ጣይው። አንቺ ወረቀት ላይ ጻፍሽ፤ እኔ መስቀል ይዤ ተናገርሁ። እናትሽ ሁለታችንንም አልወቀሰችም። ብትወቅሰን ይሻል ነበር።

አባትሽ


ጳጉሜን 2 ቀን 1969 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለአባቴ፤

አልሰርዘውም። ሁለታችንም እንካፈለው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ሰንብቻለሁ። ዕድሜው ሳይደርስ የሄደ ልጅ መሆኑ በጽሑፍ ከተረጋገጠ ይመለሳል ብለውኛል። የሚፈልጉት ያጠመቀው ካህን የተወለደበትን ቀን ጽፎ እንዲፈርም፣ ማኅበሩም እንዲያትምበት ነው። ክንዱ ዛሬ አሥራ ሰባት ነው። ይመለሳል አባቴ።

የሚያስከትለውንም ልንገርዎ፤ ሳልነግርዎ የቀረሁት ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ሲጽፉ በጉባኤው የማሉት ሐሰት እንደ ነበር በራስዎ እጅ ይመሰክራሉ። መሬቱም ሊወሰድ ይችላል። ስምንቱ ልጆች እንደገና ወደዚያ ረኃብ ይመለሳሉ ማለት ነው።

ይጻፉ ወይም አይጻፉ አልልዎትም። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅዎ ወስኜልዎታለሁ።

ልጅዎ
የብርጓል


መስከረም 11 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል፤

የጠየቅሽው ወረቀት ከዚህ ጋራ ተያይዟል። ከእጅሽ እንዳይወጣ፤ ራስሽ ውሰጂው።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ባነበብሁላት ጊዜ ጌሾ እየለቀመች ነበር። ስለ መሬቱ ያልሽውን ሁለተኛ እንዳነብላት ጠየቀችኝና አነበብሁላት። ቅጠሉን አስቀመጠች። «የተወለደው በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው፤ ጥር ሃያ ሁለት። ጻፍ» አለችኝ። እኔ ቆይ እናስብበት ስላት «አንተ አስብ፤ እጅህ ግን ይጻፍ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ስለዚህ ጥር 22 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለደ፣ በአርባ ቀኑ እኔ አጠመቅሁት ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

ማኅተሙን ለማግኘት ዋርካው ሥር መቆም ነበረብኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ እንዳለ ቆሜ «ካቻምና በዚህ ቦታ የማልሁት ሐሰት ነው» አልሁ። እንዴት ነበር ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ያስተማርኋቸው፣ ያቆረብኋቸው፣ ሬሳቸውን የፈታሁላቸው ሰዎች ናቸው። አንዲት አሮጊት ብቻ ጮክ ብላ አለቀሰች። አዘዘ አንገቱን ደፍቶ ማኅተሙን መታ። ወደ ቤት ስመለስ ከኋላዬ ተከትሎ መጥቶ «እኔም አውቅ ነበር» አለኝ። አውቃለሁ አልሁት።

ነገሩ እስኪወሰን ድረስ በክንዱ መሬት ላይ እንዳንዘራ ታዘናል።

እናትሽ ክንዱ ባሕር ዳር ሲደርስ መጀመሪያ አስጠምቂው ብላለች፤ ጠበል ማለቷ ነው። የጦር ሜዳ አየር ይዞ ወደ ሕፃናቱ እንዳይገባ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 19 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል፤

የጠፋው ፋይል ተገኘ ብለሽ የጻፍሽው ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚፈርመው ሰው ከስብሰባ ሲመለስ ዳግመኛ ሂጂ። አስናቀ ወንድ ልጅ ተወልዶለታል።

ውሃው ከሸሸ ሰንብቷል። መሬቱ ባዶውን ነው፤ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ጎረቤቶቻችን እሸት ይዘውልን ይመጣሉ፤ ልጆቹ ሲበሉ አያለሁ። ክንዱ ወደ ምሥራቁ ጦር ሜዳ ከሄደ ወዲህ ከእሱ አንድ ወረቀት ብቻ ደርሶናል፤ በሕይወት አለ። በላዩ ላይ ቀን አልተጻፈበትም።

እናትሽ ለጥር ሃያ ሁለት ይደርሳል ወይ ትላለች። ምን ልበላት?

አባትሽ


የካቲት 7 ቀን 1970 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለአባቴ፤

ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ ስሄድ ምን ተባልሽ እያሉ ሲጠይቁኝ፣ ነገ ተመለሽ አሉኝ ስልዎ ከርሜያለሁ። ዛሬ ተመለሽ አላሉኝም።

የሚፈርመው ሰው ከስብሰባው ተመልሷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሰጠኝ። የእርስዎን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው። «ጓዲት፣ አባትሽ የሚከበሩ ሰው ናቸው። ይህን ስንቱ ይጽፋል?» አለኝ። ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ ቀኑ ላይ አኖረው።

«የተወለደው ጥር ሃያ ሁለት ነው?»

«አዎን።»

«ዛሬ ስንት ዓመቱ ነው?»

አባቴ፣ ጥያቄው የገባኝ አፌን ከከፈትሁ በኋላ ነው። «አሥራ ስምንት» አልሁት።

«መቼ ሞላው?»

«የዛሬ አሥራ አምስት ቀን።»

«እንግዲህ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ የለንም» አለኝ።

ማመልከቻው የገባው በመስከረም ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ነበር፤ መዝገብ ቤት ጠፋ ብላችሁ ሁለት ወር ያስፈለጋችሁ እናንተ ናችሁ፤ ሌላም ሌላም አልሁት። ድምፄ ኮሪደር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እስክጨርስ ጠበቀኝ። «በመስከረም ማንም አልፈረመም። የሚፈረመው ዛሬ ነው፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ለአሥራ ስምንት ዓመት ሰው ሕፃን ነው ብዬ ልፈርም አልችልም» አለ።

ስለ መሬቱ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ልጁ አሁን ለአካለ መጠን የደረሰ ዘማች ስለ ሆነ ድርሻው ይጸናል፣ ማንም አይነካውም፣ ዝሩበት አለኝ። የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ ሦስት ወር እንደ ሆነው አያውቅም። ስለ መሐላዎም ቤተ ክርስቲያናቸው ትጠይቃቸው፣ እኛ አንጠይቃቸውም አለ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መትቶ ወረቀቱን ሰጠኝ። እዚሁ ፊቴ አለ። ስሙ ትክክል ነው፣ የተወለደበት ቀን ትክክል ነው፣ ዕድሜው ትክክል ነው፣ መሬቱም ትክክል ነው። ቀኑን ሙሉ ወረቀት የምታርም ሴት ነኝና አንድ ስሕተት እንኳ ባገኝ ብዬ ደጋግሜ አነበብሁት።

እርስዎ እውነቱን ተናግረዋል። ዘገየ እንጂ ተናግረዋል፤ እኔ መስክሬያለሁ። ወደ መቅደስዎ ይመለሱ አባቴ፤ ለክንዱ ከዚያ የተሻለ የሚጸልይለት የለም።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አያንብቡላት። ከእሷ የሚደበቅ ወረቀት እንደሌለ አውቃለሁ፤ ይህን ግን እኔ ልንገራት፣ እንደ መርዶ ሆኖ በወረቀት አይሂድባት። የአሥር ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ቅዳሜ በሚመጣው መኪና እሳፈራለሁ። ይፋግ ስደርስ በቤቶቹ መካከል ባለው መንገድ አልመጣም፤ ድንገት ደጃፏ ላይ ብደርስ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ትፈልጋለች። በሜዳው በኩል ዞሬ እመጣለሁ፤ ብቻዬን መሆኔን ከሩቅ እንድታየው።

ልጅዎ
የብርጓል